ኮንዶሚኒየም ልትገዙ ነው? ስለ ወርሃዊ የማህበር መዋጮ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች (ለጎንደር ገዢዎች)

ጎንደር ውስጥ ኮንዶሚኒየም ወይም አፓርታማ ፍለጋ የሚዞሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደሚያከራክረው እንሄዳለን።

ወርሃዊ መዋጮ የሚባለው ምንድን ነው? ማንስ ነው የሚሰበስበው?

ኮንዶሚኒየም ስትገዙ የምትገዙት ከበራችሁ ወደ ውስጥ ያለውን ብቻ አይደለም። ደረጃው፣ ጣራው፣ የውጭ ግድግዳው፣ አጥሩ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ፣ የጋራ ሮቶው፣ ለቅሶም ድግስም የሚስተናገድበት ኮሚናል ሁሉ የጋራ ነው። የጋራ ነገር ደግሞ የጋራ ወጪ አለው። ይህን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶቹ ማህበር ነው። ለማህበሩም ለመዋጮውም መሰረት የሆነው በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ህንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ነው።

በተግባር ግን ማህበር ማለት ብዙ ጊዜ አንድ ሰብሳቢ፣ አንድ ገንዘብ ያዥ እና አንድ ደብተር ነው። አንዳንዱ ብሎክ በባንክ ሂሳብ ያስገባል፣ አንዳንዱ ወር ሲያልቅ በር እያንኳኳ ይሰበስባል። የትኛው እንደሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ፤ ከመልሱ ብዙ ነገር ይታወቃል።

"እኔ ጥበቃም ፅዳትም አልፈልግም" ብዬ አለመክፈል እችላለሁ?

አይቻልም። ጥበቃው ሌሊት ሲዞር የእናንተን በር ለይቶ አይዘልም፤ ጣራውም የከፈለን ብቻ አያስጠልልም። ባለቤት ከሆናችሁ የጋራ ወጪው ድርሻ አብሮ ይመጣል። መዋጮውን የማትፈልጉት ከሆነ ግቢ ቤት ፈልጉ፤ እሱም የራሱ ጣጣ አለው፣ ወረድ ብለን እናየዋለን።

እድሩም እዚያው ውስጥ ነው?

ብዙ ቦታ ለየብቻ ነው፣ ግን አንድ ሰው ሁለቱንም ስለሚሰበስብ ይደባለቃል። "በወር 500 ነው" ሲሏችሁ ስንቱ ለእድር ስንቱ ለህንፃው እንደሆነ አስለዩ። የእድር ብር ጣራ አይጠግንም። እዚህ አገር ደግሞ ለቅሶ ሲደርስ እድር እንደሚቀድም ማንም ያውቃል፤ ስለዚህ ሁለቱ አንድ ካዝና ውስጥ ካሉ ለጥገና የሚቀር ነገር የለም ብላችሁ አስቡ።

እሺ፣ በጎንደር ስንት ቢሆን ነው ተገቢ የሚባለው?

ሁሉም የሚጠይቀው ይሄንን ነው። አንድ ቁጥር የሚነግራችሁ ሰው ካለ ግን አትመኑት። ማራኪ ሰፈር ያለ ባለ አራት ፎቅ ብሎክ እና ሊፍትና ጀነሬተር ያለው አዲስ አፓርታማ አንድ ዓይነት መዋጮ ሊኖራቸው አይችልም። ትክክለኛው መንገድ ወጪውን ቁጭ ብሎ መደመር ነው፤ አንድ ወረቀትና ስክሪብቶ ይበቃል።

በምሳሌ እንየው። ብሎኩ 24 ቤት አለው እንበል። ሁለት ጥበቃዎች በ5,000 ብር፣ 10,000 ብር። ፅዳት 3,000። የጋራ መብራትና የፓምፕ ቆጣሪ 2,000። ቆሻሻ ማንሻ 1,200። አምፖል፣ ቁልፍ፣ ቧንቧ፣ ጥቃቅን ጥገና 1,800። ድምሩ 18,000 ብር ነው፤ ለ24 ሲካፈል 750። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ገና ነው እኮ።

ቀጥሎ የሚያልቁትን ነገሮች ደምሩ። ፓምፑ 120,000 ብር ቢሆንና 5 ዓመት ቢያገለግል በወር 2,000 ብር እየበላ ነው ማለት ነው። ጣራውን ማደስ 240,000 ቢፈጅና በየ8 ዓመቱ ቢደረግ በወር 2,500። የፍሳሽ ጉድጓዱን በዓመት ሁለት ጊዜ በ9,000 ብር ማስመጠጥ በወር 1,500። አንድ ላይ 6,000፣ ለአንድ ቤት 250 ብር። ስለዚህ ለዚህ ብሎክ እውነተኛው መዋጮ 1,000 ብር አካባቢ ነው። ዋጋዎቹ ለስሌት ያህል ያስቀመጥናቸው ናቸው፤ እናንተ በምትገዙበት ሰሞን ያለውን የጎንደር ዋጋ እያስገባችሁ ደምሩት።

አሁን የዚህ ብሎክ ነዋሪ የሚከፍለው 300 ብር ነው ቢሏችሁስ? 300 በ24 ሲባዛ 7,200 ነው። የጥበቃዎቹን ደሞዝ እንኳን አይሸፍንም። ወይ ጥበቃ የለም፣ ወይ ደሞዝ ይቆያል፣ ወይ ሌላ ያልተነገራችሁ ገቢ አለ። በተቃራኒው 2,500 ብር ቢሏችሁ ቀሪው 1,500 የት እንደሚሄድ በደንብ ጠይቁ። ስድብ አይደለም፤ ገዢ ናችሁ።

ትንሽ መዋጮ ለገዢ ጥሩ አይደለም እንዴ?

ሻጩም ደላላውም እንደዚያ ነው የሚሉት። "መዋጮው እኮ ምንም አይደለም፣ 200 ብር ናት!" ደስ ይላል። ግን ፓምፑ እንደማንኛውም ፓምፕ ያረጃል፣ ቆርቆሮው ይዝጋል፣ አሸንዳው በክረምት ይሞላል። በየወሩ ያልተከፈለው ብር የትም አልሄደም፤ አንድ ቀን ተጠራቅሞ "ለየቤቱ 15,000 ብር በአስቸኳይ" ተብሎ ይመጣል። ያ ቀን እናንተ በገባችሁ በሦስተኛው ወር ከሆነ ዱብ ዕዳ ነው።

ለዚህ ነው መዋጮ ትልቅ ነው ትንሽ ነው ከማለት በፊት ካዝናው ውስጥ ስንት አለ ብሎ መጠየቅ የሚሻለው። 1,000 ብር እያስከፈለ ባንክ ውስጥ የሁለት ፓምፕ ዋጋ ያለው ብሎክ፣ 200 ብር እያስከፈለ ባዶ ካዝና ካለው ብሎክ ይረክሳል። አስሉት፣ ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

የውሃ ነገርስ? መዋጮው ውስጥ ይገባል?

እዚህ ላይ ጎንደር የራሷ ችግር አላት፣ ስለዚህ ረዘም እናድርገው። የአንገረብ ግድብ በደለል አቅሙ የተቀነሰ ነው፤ ከተማው ደግሞ ሰፍቷል። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣም ከፍታ ያለው ሰፈር ግፊቱ አይደርሰውም። ስለዚህ አንድ ብሎክ ውሃን እንዴት እንደሚይዝ ካላወቃችሁ መዋጮውን መመዘን አትችሉም።

ሦስት ዓይነት ብሎክ አለ። አንደኛው የጋራ ታንከር መሬት ላይ አለው፣ ፓምፕ ወደ ጣራ ሮቶ ይገፋል፣ ሁሉም ቧንቧውን ከፍቶ ያገኛል። የዚህ መዋጮ ከፍ ይላል፣ ሊልም ይገባዋል። ሁለተኛው ታንከርና ፓምፕ አለው ግን ፓምፑ ተበላሽቶ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ሰው በጄሪካን ደረጃ ይወጣል። የዚህ መዋጮ ትንሽ ነው፣ ግን አራተኛ ፎቅ ጄሪካን ለሚያወጣ ልጅ የምትከፍሉት በመዋጮው ላይ መደመር አለበት። ሦስተኛው እያንዳንዱ ቤት በረንዳው ላይ የራሱን ሮቶ አስቀምጧል። እዚህ ወጪው የግል ነው፣ ነገር ግን ሙሉ ሮቶ ከባድ ነው፤ 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። በረንዳ ላይ ያንን የጫነ ብሎክ ካያችሁ ስንጥቅ አለው ወይ ብላችሁ ከስር ቀና ብላችሁ እዩ።

ቦቴ የሚያስመጣ ብሎክ ከሆነ ደግሞ በዓመት ስንት ጊዜ፣ ማን ከፈለ፣ እንዴት ተካፈለ ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄውን በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ በነሐሴ ከጠየቃችሁ ሁሉም "ውሃ ችግር የለብንም" ነው የሚለው። ጣራውን ለማየት ግን በተቃራኒው ክረምት ይሻላል። እና "የመገጭ ግድብ ሲያልቅ ውሃው እኮ ይስተካከላል" የሚለውን ወሬ የዋጋ ድርድር ውስጥ አታስገቡት፤ ዛሬ የሚከፈለውን ብቻ ቁጠሩ።

ምን ምን ወረቀት ልጠይቅ?

የመተዳደሪያ ደንቡን፣ ያለፉትን ሁለት ሦስት ጠቅላላ ጉባኤዎች ቃለ ጉባኤ፣ የባንክ ሂሳቡን መግለጫ እና የመዋጮ ደብተሩን። ከአራቱ አንዱን ብቻ ነው የምታሳየን ቢሉ ደብተሩን ምረጡ። ደብተር አይዋሽም፣ ወይም ሲዋሽ ያስታውቃል።

ደብተሩን ስትከፍቱ መጀመሪያ ባዶ ሳጥኖችን ቁጠሩ። የቤት ቁጥር በግራ፣ ወራት ከላይ፣ የከፈለ ፊርማ ወይም የደረሰኝ ቁጥር ይኖረዋል፤ ያልከፈለ ባዶ ነው፣ አንዳንዴ በእርሳስ "ይከፍላል" ተብሎ ይፃፋል። ከዚያ ወጪውን ገልብጡ። "ለሞተር ማስጠቅለያ" የሚል ወጪ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ካያችሁ ያ ፓምፕ እየሞተ ነው፤ አዲስ የሚገዛው እናንተ ባላችሁበት ነው። "ለአሸንዳ ማፅጃ" የሚል ጭራሽ ከሌለ ጣራው ላይ ማንም አልወጣም። በአንድ ቀን፣ በአንድ ስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ፅሁፍ የስድስት ወር ሂሳብ ተሞልቶ ካገኛችሁ ደግሞ... ቀሪውን እናንተ ታውቁታላችሁ።

ደረሰኝ መኖሩም ይታይ። ሁሉም ወጪ ደረሰኝ ላይኖረው ይችላል፤ የቀን ሠራተኛ ደረሰኝ አይቆርጥም። የሲሚንቶ፣ የፓምፕ፣ የቆርቆሮ ግን ደረሰኝ ይኖረዋል።

ኮሚቴው "አባል ላልሆነ አናሳይም" ቢለኝስ?

መብታቸው ነው ማለት ይቻላል፤ ገና ባለቤት አይደላችሁም። ስለዚህ በሻጩ በኩል ሂዱ። ሻጩ አባል ነው፣ እሱ ይጠይቅ፣ እናንተ አጠገቡ ቁሙ። ሻጩ እራሱ ካቅማማ ያኔ ነገሩ መዋጮ ብቻ አይደለም።

በነገራችን ላይ ሰብሳቢውን ሲያናግሩ እንደ መርማሪ መሆን አያስፈልግም። "ጋሼ፣ ልንጎራበት ስለሆነ ነው፣ እንዴት እንደምትኖሩ ልወቅ ብዬ" ብትሉ ብዙ በር ይከፈታል። ሰብሳቢ ማለት ያለ ደሞዝ የሚሰደብ ሰው ነው፤ የሚሰማው ካገኘ ስለ ፓምፑም ስለ ጣራውም ስለ አስቸጋሪው ጎረቤትም ሳትጠይቁት ይነግራችኋል።

ሻጩ "እዚህ መዋጮ የሚባል ነገር የለም" አለኝ። ጥሩ ነው?

አይደለም። መዋጮ የሌለው ኮንዶሚኒየም ማለት ጥገና የሌለው ኮንዶሚኒየም ነው። ደረጃውን ማን እንደሚያፀዳ፣ የኮሪደር አምፖል ሲቃጠል ማን እንደሚገዛ፣ ጉድጓዱ ሲሞላ ማን ስልክ እንደሚደውል ጠይቁ። "እንግዲህ ስንቸገር እናዋጣለን" ካሏችሁ፣ በየችግሩ ከጎረቤት ጋር እየተጨቃጨቃችሁ ታዋጣላችሁ ማለት ነው። እንደዚያ ዓይነት ቤት አትግዙ አንልም፤ ዋጋው ላይ ግን በደንብ ተከራከሩ።

ስቱዲዮ ነው የምገዛው። ባለ ሦስት መኝታው ከሚከፍለው እኩል መክፈል አለብኝ?

በመርህ ደረጃ ድርሻው በማህበሩ ሰነዶች ላይ መቀመጥ አለበት። በተግባር ግን ብዙ ብሎክ ለሁሉም እኩል ይላል፣ ምክንያቱም ለመሰብሰብ ይቀላል። እኩል መሆኑ ሁልጊዜ በደል አይደለም፤ ጥበቃው ለስቱዲዮም ለባለ ሦስቱም እኩል ነው የሚጠብቀው። ውሃ፣ ጉድጓድ እና ጣራ ላይ ሲደርስ ግን እኩልነቱ ይጣመማል። አንድ ሰው የሚኖርበት ስቱዲዮና ሰባት ሰው ያለበት ቤት እኩል ጉድጓድ አይሞሉም።

በተለይ ምድር ላይ ያሉትን ንግድ ቤቶች ተመልከቱ። ምግብ ቤት፣ ፀጉር ቤት ወይም መኪና እጥበት ካለ የጋራ ውሃና ፍሳሽ እየተጠቀሙ እንደ አንድ ቤት የሚከፍሉ ከሆነ፣ ላይ ያለው ነዋሪ ንግዱን እየደጎመ ነው። ጥምቀት ሲደርስ በቀን ለእንግዳ የሚያከራዩ ቤቶችም እንደዚሁ ናቸው። ጥር 11 ከተማው በእንግዳ ሲሞላ አንድ ባለ ሁለት መኝታ ውስጥ አሥር ሰው ያድራል፣ ሮቶው በሁለት ቀን ያልቃል። ደንቡ ስለዚህ የሚለው ነገር አለ ወይ ብላችሁ እዩ።

ጎረቤቶቼ የማይከፍሉ ከሆነ እኔን ምን ይነካኛል?

በጣም ይነካችኋል። ያቺን የ24 ቤት ብሎክ እንያት፤ የሚያስፈልገው 24,000 ብር ነው። ስምንቱ ቤት ካልከፈሉ የሚሰበሰበው 16,000 ነው። ወይ ሥራው ይቀራል፣ ወይ የቀሩት 16 ቤቶች 1,500፣ 1,500 ይከፍላሉ። ስለዚህ መዋጮው ስንት ነው ከሚለው ቀጥሎ ስንት ሰው ይከፍላል ብላችሁ ጠይቁ።

ጎንደር ላይ አለመክፈል የሚበዛው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ተከራይ ያለበት ቤት ነው፤ ተከራዩ "ባለቤቱ ይክፈል" ይላል፣ ባለቤቱ "የሚኖረው ይክፈል" ይላል፣ ገንዘብ ያዧ መሀል ላይ ደብተር ይዛ ትቆማለች። ሁለተኛው ውጭ አገር ያለ ሰው የገዛውና ቆልፎት የሄደ ቤት ነው። "ዝግ ቤት ነው፣ ምን ተጠቀምኩ?" ይላል። ጣራው ተጠቀመ፣ ጥበቃው ተጠቀመ፣ ዋጋውም በየዓመቱ እየጨመረለት ነው፤ ይክፈል እንጂ! አንድ ብሎክ ውስጥ ዝግ ቤት ከበዛና ወኪል የሌላቸው ከሆነ ሰብሳቢው እንዴት እንደሚያስከፍላቸው ሳይነግራችሁ አትውጡ።

ምድር ቤት ነው የምገዛው። ለጣራ ጥገና ለምን አዋጣለሁ?

ጣራው የአራተኛ ፎቅ ሰውዬ ንብረት ስላልሆነ ነው። የሁሉም ነው። ላይ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚበሰብሰው እሱ ስለሆነ ይጮሃል፤ ውሃው በግድግዳው ሰርጎ፣ ኤሌክትሪክ መስመሩ ውስጥ ገብቶ ወደ ታች ለመውረድ አንድ ሁለት ክረምት ቢፈጅበት ነው። በተራው ደግሞ ጉድጓዱ ሞልቶ ሲገነፍል መጀመሪያ የሚሸተው ምድር ቤት ነው። ያኔ የአራተኛ ፎቁ ሰውዬ "እኔን ምን አገባኝ" ቢል ደስ ይላችኋል?

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ይህ ክርክር ብሎኩ ውስጥ አለ ወይ ብላችሁ አጣሩ። ቀላል መንገድ አለ፤ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ጋ ሄዳችሁ ኮርኒሱን እዩ። ቢጫ ክብ ካለው፣ ጣራው ለዓመታት እያፈሰሰ ታች ያሉት አናዋጣም ብለዋል ማለት ሊሆን ይችላል።

ሊፍት ያለው አዲስ አፓርታማ ነው፣ መዋጮውንም ገንቢው ራሱ ነው የሚሰበስበው። ምን ልጠንቀቅ?

ገና ሽያጭ ላይ ያለ ገንቢ መዋጮውን ዝቅ አድርጎ ማሳየት ይጠቅመዋል። ቤቶቹ ተሸጠው ሲያልቁ ግን ሊፍቱን፣ ጀነሬተሩንና የነዳጁን ወጪ ለነዋሪው አስረክቦ ይወጣል። ስለዚህ አሁን የሚባለውን ቁጥር ሳይሆን፣ ሊፍቱ የጥገና ውል አለው ወይ፣ መለዋወጫው ከየት ነው የሚመጣው፣ ጀነሬተሩ በሰዓት ስንት ሊትር ይጠጣል፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ሊፍቱን ነው ፓምፑን ብቻ ነው የሚያነሳው የሚለውን ጠይቁ። ያልተሸጡት ቤቶች መዋጮ ማን እንደሚከፍልም ጠይቁ። 30 ቤት ካለውና 12ቱ ገና የገንቢው ከሆኑ፣ እሱ የ12 ቤት መዋጮ እየከፈለ መሆን አለበት። ዝም ካለ መልሱ ታውቋል።

መዋጮ ስለሰለቸኝ አዘዞ አካባቢ ግቢ ቤት ልግዛ ነው። እዚያ የለም አይደል?

በወር የለም ይሆናል፣ በአንዴ ግን አለ። አዲስ ሰፈር ውስጥ ሰው ተሰባስቦ ምሰሶ ያስተክላል፣ ለትራንስፎርመር ያዋጣል፣ የውሃ መስመር ያስስባል፣ ለኮብልስቶን ድርሻውን ይከፍላል፣ የሰፈር ጥበቃ ይቀጥራል። በማህበር ተደራጅተው የተሠሩ ቤቶች ከሆኑ ደግሞ ከግንባታው ጊዜ የቀረ ያልተከፈለ መዋጮ ሊኖር ይችላል። የሰፈሩን ኮሚቴ አግኙና "ይሄ ቤት የመብራቱን ከፍሏል ወይ?" በሉ። ያልከፈለ ቤት ገዝታችሁ ከገባችሁ ነገ መስመር ልትቀጥሉ ስትሉ ሰፈሩ ከነውዝፉ ያስታውሳችኋል።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ "እኛ ጋ ኤችኦኤ የምንለው ነው" ይለኛል። አንድ ነው?

ሀሳቡ ይመሳሰላል፣ በተግባር ያለው ጉልበት ግን አይመሳሰልም። እዚያ የቤት ባለቤቶች ማህበር ያልተከፈለ መዋጮን በቤቱ ላይ እንደ እዳ ያስመዘግባል፤ በብዙ ግዛቶች እስከ ሐራጅ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ለትልልቅ ጥገና የሚቀመጥ መጠባበቂያ ገንዘብም ደንብ አለው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለምሳሌ ማህበራት ጣራ፣ ቧንቧ፣ መንገድ መቼ እንደሚያልቅና ስንት እንደሚፈጅ ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ እንዲያስጠኑ ህግ ያዛል። የቤት ብድር የሚሰጡ ተቋማትም ለረጅም ጊዜ ከዓመታዊ በጀቱ ቢያንስ 10 በመቶ ለመጠባበቂያ መቀመጡን ሲያዩ ኖረዋል። ወንድማችሁ "10 በመቶውን ጠይቅ" ቢላችሁ ከዚያ የመጣ ነው፣ እኛም ብንጠቀምበት አይጎዳም።

ያ ሁሉ ህግ እያለም ግን ሰው ነው እና መዋጮ መጨመር አይወድም። ፍሎሪዳ፣ ሰርፍሳይድ የሚገኝ ባለ 12 ፎቅ ኮንዶሚኒየም እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 2021 ሌሊት ላይ ተደርምሶ 98 ሰዎች ሞተዋል። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ2018፣ አንድ መሐንዲስ ኮንክሪቱ ከባድ ጉዳት እንዳለበት ፅፎ ነበር። ነዋሪዎቹ ስለ ወጪው ሲከራከሩ ቆይተው የ15 ሚሊዮን ዶላር ጥገና ገና ሊጀመር ሲል ነው የወደቀው። በቀጣዩ ዓመት ፍሎሪዳ ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆኑ ኮንዶሚኒየሞች ለመዋቅር ጥገና መጠባበቂያ እንዲይዙ የሚያስገድድ ህግ አወጣች። እዚያ አንዳንድ ነዋሪ ዛሬ "መዋጮው ጣራ ነካ" ብሎ የሚያማርረው በከፊል ለዚህ ነው።

ሻጩ የአንድ ዓመት መዋጮ አልከፈለም። ዕዳው የማን ነው?

የሻጩ ነው፤ ግን ማህበሩ የሚያውቀው የቤቱን ቁጥር ነው። ደብተሩ ላይ ባዶው ሳጥን ያለው በቤት ቁጥር 14 ትይዩ እንጂ በሰውዬው ፊት ላይ አይደለም። እናንተ 14 ውስጥ ስትገቡ የሚንኳኳው የእናንተ በር ነው። ስለዚህ ከመብራትና ከውሃ ክፍያ ማረጋገጫ ጋር አብራችሁ፣ ቤቱ ከማህበሩ ዕዳ ነፃ መሆኑን የሚገልፅ፣ ቀንና ማህተም ያለው ወረቀት ሻጩ እንዲያመጣ አድርጉ። ማህተም የሌለው ማህበር ከሆነ ሰብሳቢውና ገንዘብ ያዡ ይፈርሙበት። ውሉ ላይም እስከ ርክክቡ ቀን ያለው የሻጩ እንደሆነ ይፃፍ።

ጣራው እንዲታደስ በሰኔ ተወስኖ ክፍያው ከመስከረም ይጀምራል። እኔ በነሐሴ ገዛሁ። ማን ይከፍላል?

ከሁሉም የሚያከራክረው ይሄ ነው። ሻጩ "ክፍያው የሚጀምረው አንተ ከገባህ በኋላ ነው፣ አዲሱን ጣራም የምትጠቀመው አንተ ነህ" ይላል። ገዢው "ጣራው የበሰበሰው በአንተ ጊዜ ነው፣ ውሳኔውም ላይ እጅህን ያወጣኸው አንተ ነህ" ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኛ ወደ ገዢው እናደላለን፣ በተለይ ሻጩ ውሳኔውን እያወቀ ሳይነግረው ከሸጠ። ግማሽ በግማሽ የሚስማሙም አሉ፣ ያም ክፉ አይደለም።

ይህን ለማወቅ የመጨረሻውን ቃለ ጉባኤ ማንበብ ግድ ነው፤ ደብተሩ ላይ አይታይም፣ ገና አልተከፈለማ። ለየቤቱ 10,000 ብር ተወስኖ ካገኛችሁ፣ የሻጩ ድርሻ ከቤቱ ዋጋ ላይ ይቀነስ። "መስከረም ሲሆን እልክልሃለሁ" የሚለውን አትቀበሉ፤ ብሩን ተቀብሎ አዲስ አበባ የገባን ሰው በስልክ ማስከፈል ከጣራው ጥገና ይብሳል።